አያቴን በአጎቴ ካሜራ ላነሳት ነው፤ የትኛውን ሌንስ ልግዛ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዱን ዘወትር እከታተላለሁ። የእኔ ጥያቄ በዚህ ገጽ ከሚወጡት ከባድ ጉዳዮች አንጻር ቀላል ሊመስልዎት ይችላል። ለእኔ ግን እንቅልፍ የሚነሳ ሆኖብኛል።

የምኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። ነርስ ነኝ፤ ዕድሜዬ 34 ነው። አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በስደት ዘመኑ ሁሉ የማኅበረሰባችንን ሠርግና ክርስትና ፎቶ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነበር። ሲያርፍ ሌይካ ኤም 6 ካሜራውን ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ጋር ለእኔ ተወልኝ። መጀመሪያ ላይ ለመንካትም አልደፈርኩም ነበር። አሁን ግን ፊልም እየገዛሁ የቤተ ክርስቲያናችንን አረጋውያን ማንሳት ጀምሬያለሁ፤ ፎቶዎቹንም ወድጄያቸዋለሁ።

በጥር ለጥምቀት ወደ ደሴ እሄዳለሁ። የአጎቴ እናት፣ አያቴ፣ እዚያ ናት። 86 ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ ደክሟል፤ ከቤትም ብዙ አትወጣም። የእሷ ደህና ፎቶ የለንም። ያለን ለመታወቂያ የተነሳችው ጉርድ ፎቶና በስልክ የተነሱ ብዥ ያሉ ምስሎች ብቻ ናቸው። ፊቷን በልጇ ካሜራ በደንብ ማንሳት እፈልጋለሁ። በ50ው ስሞክር ግን ፊት ለማጉላት በጣም መጠጋት አለብኝ። ስጠጋ ሰዎቹ ይሸማቀቃሉ፤ አፍንጫቸውም ይገናል። ስለዚህ አጭር ቴሌ ሌንስ፣ ማለትም ከ50ው ይልቅ ከራቅ ብሎ የሚያጎላ፣ ያስፈልገኛል ብዬ ወሰንኩ።

ከዚያ ወዲህ ግራ ገብቶኛል። አንዱ የሌይካውን 90 ሚሊ ሜትር ሱሚክሮን ኤፍ 2 (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል) ግዢ ይለኛል፤ ዋጋው ለእኔ ከባድ ነው። ሌላው ፎክትሌንደር 75 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.5 ይበቃሻል ይላል። የአጎቴ ጓደኛ ደግሞ «በሌይካ ላይ የሌላ ፋብሪካ ሌንስ ማሰር ነውር ነው» ይላሉ። ኢንተርኔት ላይ ጁፒተር 9 የሚባል የሶቪየት 85 ሚሊ ሜትር በርካሽ አይቻለሁ። 135 ሚሊ ሜትርም አለ ይሉኛል። ባለቤቴ «ይህን ሁሉ ገንዘብ አሮጌ ካሜራ ላይ ከምታፈሺ፣ ዓይንን ራሱ ፈልጎ ፎከስ የሚያደርግ ዲጂታል ካሜራ ግዢ፤ የተረፈውን ለአያትሽ ላኪላት» አለኝ። ቅር ብሎኛል፤ ግን እውነቱን ይሆን እንዴ እላለሁ። ይህን ሁሉ የምፈልገው ለአያቴ ነው ወይስ ለራሴ? የትኛውንስ ልምረጥ?

ካሜራ የወረስኩት፣ ከፍራንክፈርት


መልስ

ውድ እህቴ፣

በመጨረሻ ከጠየቅሽው ልጀምር። ለአያቴ ነው ወይስ ለራሴ ብለሻል። ለሁለታችሁም ቢሆንስ? ልጇን በሰው አገር ያጣች እናት በልጇ ካሜራ ፊት ልትቀመጥ ነው፤ የምታነሳት ደግሞ ያንኑ ካሜራ የወረሰችው የልጅ ልጇ ናት። የአንቺ ድርሻ የት ላይ አብቅቶ የእሷ የት እንደሚጀምር መለየት የሚቻል አይመስለኝም፤ መለየትም አያስፈልግሽም። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንቅልፍ የነሳሽ ሌንሱ ራሱ ነው ወይስ «ሳላነሳት ብታመልጠኝስ» የሚለው ስጋት? በዕድሜ የገፋ ወላጅ አገር ቤት ያለው ሰው ሁሉ ይህን ስጋት ያውቀዋል። ከሌንስ ምርጫ ጋር ሲቀላቀል ግን ምርጫውን ከሚገባው በላይ ያከብደዋል። ስጋቱን የሚያቃልልልሽ ደሴ በገባሽ ማግስት፣ አሁን እጅሽ ላይ ባለው 50፣ የምታነሻት ፎቶ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሌንሱን ረጋ ብለን እንምረጥ።

ባለቤትሽ ከተናገረው ግማሹ ልክ ነው። ዓይን ፈልጎ ፎከስ የሚያደርግ ዘመናዊ ካሜራ የፊት ፎቶን እጅግ ያቀልላል። እንደ ሌይካሽ ያለው ሬንጅፋይንደር (አሠራሩን ከታች እገልጻለሁ) ደግሞ በባሕርዩ የ35 እና የ50 ሚሊ ሜትር ካሜራ ነው፤ ሌንሱ እየረዘመ በሄደ ቁጥር ሥራው ይከብደዋል። ከፎቶው የምትፈልጊው ጥራቱን ብቻ ቢሆን ኖሮ ከእሱ ጋር እስማማ ነበር። አንቺ የምትፈልጊው ግን አጎትሽ ያየበትን መስኮት ማየት ነው፤ ይህንን ለባለቤትሽ በግልጽ ነግረሽዋል? ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ክርክሩ የካሜራ ክርክር ሆኖ ቀርቷል፤ የሐዘኑ ጉዳይ አልተነሳም። አብራችሁ ተቀመጡና አስቀድማችሁ ለአያትሽ የሚላከውን ገንዘብ ለዩ፤ እሱ ከሌንሱ ጋር የሚወዳደር አይሁን። ከዚያ ለሌንሱ የማይታለፍ ጣሪያ ቁረጡ። ጥሩ ሁኔታ ላይ የተገዛ የሌይካ ሌንስ በጥንቃቄ ከተያዘ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ብዙም ሳይወርድ እንደሚሸጥ ቢያውቅ ልቡ ሳይረጋጋ አይቀርም። ያገለገሉ የ90 ሚሊ ሜትር ሌንሶች ደግሞ ብዙ ፈላጊ ስለሌላቸው ከ35 እና ከ50 አቻዎቻቸው ይረክሳሉ፤ በዚህ እንኳ ዕድለኛ ነሽ።

ወደ ካሜራው ልግባ። ለሌሎች አንባቢዎች ያህል፣ ሬንጅፋይንደር ካሜራ በሌንሱ ውስጥ አያሳይም። የምናየው በጎን ባለች መስኮት ነው፤ ፎከስ የሚደረገው በመስኮቷ መሃል ያሉትን ሁለት ምስሎች አንዱን በሌላው ላይ በመግጠም ሲሆን፣ ሌንሱ ምን ያህል እንደሚወስድ የሚያሳዩት ነጫጭ የፍሬም መስመሮች ናቸው። ኤም 6 እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ካሜራ ነው። የተለመደው ዓይነት በመስኮቱ ነገሮችን ከእውነተኛ መጠናቸው 0.72 ያህል አድርጎ ያሳያል፤ የፍሬም መስመሮቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ይታያሉ። 28 ከ90፣ 35 ከ135፣ 50 ከ75 ጋር ነው። ሌንስ መምረጥ ያለብሽ ከዚህች መስኮት ተነስተሽ ነው። ሰዎች ስለ ሌንሱ ብርሃንና ስለ ስሙ ብዙ ይነግሩሻል፤ በመስኮትሽ ውስጥ ምን ያህል ሆኖ እንደሚታይ ግን የሚነግርሽ የለም።

ደስ የሚለው፣ ይህንን ሌንሱን ሳትገዢ ማየት ትችያለሽ። በካሜራው ፊት፣ ከሌንሱ አጠገብ፣ ትንሽ ማንሻ አለች። ወደ ሌንሱ ስትገፊያት የ90 ፍሬም ይመጣል፤ ከሌንሱ ስታርቂያት የ135፤ 50ው እንደታሰረ ስትለቂያት ደግሞ የ75 ፍሬም ከ50ው ጋር ይታያል። ነገ ከሰዓት በኋላ ባለቤትሽን መስኮት አጠገብ አስቀምጪው። ሜትር ዘርጊና መጀመሪያ 1 ሜትር፣ ቀጥሎ 1.5 ሜትር ላይ ሆነሽ ፍሬሞቹን እያፈራረቅሽ ተመልከቺ። እሱም እንዲያይ ካሜራውን ስጪው። ከሦስት ሰው ምክር ይህ ይበልጥሻል።

የምታዪውን በቁጥር ልንገርሽ። በ1 ሜትር ርቀት 50ው 68 በ46 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይወስዳል፤ ካሜራውን ብታቆሚው ከራስ እስከ ደረት በታች ማለት ነው። 75ቱ 44 በ30፣ 90ው ደግሞ 36 በ24 ገደማ ይወስዳሉ። በ90ው ወደ 1.5 ሜትር ብታፈገፍጊ 56 በ38 ይሆንልሻል፤ ራስ፣ ነጠላው የወደቀበት ትከሻ፣ ትንሽም አየር። ደህና ጉርድ ፎቶ የሚባለው ይኸው ነው። አፍንጫ የሚገነው ደግሞ በሌንሱ ምክንያት ሳይሆን በርቀቱ ምክንያት ነው። ከፊቷ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ብትቆሚ በየትኛውም ሌንስ አፍንጫዋ ከጆሮዋ አንጻር ይተልቃል፤ 1.5 ሜትር ስትርቂ ፊቷ ቤተሰቡ የሚያውቀውን መልክ ይይዛል። እንግዲህ መጀመሪያ የምትመርጪው ርቀቱን ነው፤ ሌንሱ ርቀቱን ተከትሎ ይመጣል።

እዚህ ላይ ነው የአያትሽ ጆሮ ነገር ያሳሰበኝ። ለመነጋገር ጠጋ ማለት አለብሽ፤ 90ው ግን ወደ 1.5 ሜትር ያርቅሻል። በዚህ ምክንያት 75ቱን ለመምረጥ አስቤ ነበር፤ በ1 ሜትር ላይ ሆነሽ ፊቷንና ትከሻዋን ታገኛለሽ፣ ድምፅሽም ይደርሳታል። ሆኖም ሁለት ነገሮች ከለከሉኝ። አንደኛ፣ በኤም 6 መስኮት የ75 ፍሬም ማዕዘኖቹ ብቻ የሚታዩ፣ በ50ው መስመሮች ውስጥ የተጣበበ ነው፤ ለለመደ ዓይን ካልሆነ ያምታታል። ሁለተኛ፣ ከ50 ወደ 75 ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ገንዘብሽን አውጥተሽ ያገኘሽው አንድ እርምጃ ብቻ ይሆናል። ከ50 ወደ 90 ግን ሌላ ዓይነት ፎቶ ነው። የጆሮዋን ነገር ደግሞ በሰው መፍታት ይቻላል። አክስትሽ ወይም ሌላ የምትቀርባት ሰው ከጎኗ ተቀምጣ በጆሮዋ ታጫውታት። አንቺ 1.5 ሜትር ላይ ሆነሽ ጠብቂ። ሰው ለካሜራ ሲቀመጥ የሚያሳየው ፊትና የሚወደውን ሰው ሲያዳምጥ የሚያሳየው ፊት ይለያያል፤ በ90 ሚሊ ሜትር ማንሳት ያለብሽ ሁለተኛውን ይመስለኛል። አንቺ ራስሽ ልታጫውቻት ስትፈልጊ 50ውን አስረሽ ቅረቢያት።

135ን እርሺው። በኤም 6 መስኮት ፍሬሙ ትንሽዬ ሳጥን ነው፤ በውስጡ የፊት ስሜት ማየትም በትክክል ፎከስ ማድረግም ከባድ ነው፤ በደሴ ቤት ውስጥም ቦታ አይበቃሽም።

ጁፒተር 9 መልካም ስም ያለው ሌንስ ነው። ንድፉ ሉድቪግ በርተሌ ከነደፈው የዘይስ ዞናር የተወረሰ ነው፤ ፊትን ሲያነሳ ለስለስ ያለ ውበት አለው። ነገር ግን የሶቪየት ሌንሶች ፎከስ በቅርብ ርቀት ከሌይካ ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። በመስኮቱ ሁለቱ ምስሎች ገጥመው እያየሽ ፊልሙ ላይ ዓይኗ ደብዝዞ ጆሮዋ ጥርት ብሎ ሊወጣ ይችላል። አንዱ ከሌላው ስለሚለያይም የሌላ ሰው ምስክርነት ዋስትና አይሆንሽም። ጊዜ ቢኖርሽ ሞክሪው እልሽ ነበር። ለአንድ ጉዞ፣ ለአንዲት አያት ግን አልመክርም።

ስለ ነውሩ ጉዳይ፣ የአጎትሽን ጓደኛ ማክበርሽ ጥሩ ነው፤ ንግግራቸውም ከፍቅር የመጣ ይመስለኛል። የፎቶግራፍ ታሪክ ግን ከእሳቸው ጋር አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ1950 ቶኪዮ ውስጥ ጁን ሚኪ የተባለ ጃፓናዊ ፎቶ አንሺ የላይፍ መጽሔቱን ዴቪድ ዳግላስ ደንከንን በኒኮር 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 አነሳው። ደንከን የታተመውን ፎቶ ሲያይ በጥራቱ ተደነቀና የኮሪያን ጦርነት በኒኮር ሌንሶች አነሳ፤ የጃፓን ሌንስ በዓለም ስሙ የተነሳው ያኔ ነው። አጭር ቴሌ በሬንጅፋይንደር ላይ፣ ያውም የሌላ ፋብሪካ፣ የአንድ አገርን ኢንዱስትሪ ስም እስከ መቀየር ደርሷል። ስለዚህ 75 ሚሊ ሜትሩን ፎክትሌንደር ያልመረጥኩት በፋብሪካው ምክንያት አይደለም። ሠርቶ የሚያሳይ፣ 230 ግራም ገደማ የሚመዝን ቀላል ሌንስ ነው። ከላይ ያልኩት የፍሬም ችግር ካላስቸገረሽና በሙከራው 75ቱ ከተመቸሽ ያለ ሐሳብ ግዢው። ግን ሌንሱ እንደ ብሎን በጥርስ እየዞረ የሚታሰር ስለሆነ ለኤም ካሜራ ማገናኛ ቀለበት እንደሚያስፈልገው፣ ቀለበቱም የ50 እና የ75 ፍሬም የሚያመጣው ዓይነት መሆን እንዳለበት አትርሺ።

እንግዲህ 90 ካልን የትኛው 90? ሱሚክሮኑ ድንቅ ሌንስ ነው፤ የለም አልልም። ነገር ግን ኤፍ 2ቱን በእርግጥ ትጠቀሚበታለሽ? በ1.5 ሜትር ርቀት በኤፍ 2 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በኤፍ 2.8 ከ4 እስከ 5፣ በኤፍ 4 ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አያትሽ ስትተነፍስ ብቻ፣ ወይም ራሷን በትንሹ ስትነቀንቅ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ታልፋለች። አንቺም ካሜራውን በእጅሽ ይዘሽ ትንሽ ትወዛወዣለሽ። ስለዚህ ሱሚክሮኑን ብትገዢም ለእሷ የምትጠቀሚው በኤፍ 2.8 ወይም በኤፍ 4 ነው፤ ለማትከፍቺው ቀዳዳ ገንዘብ መክፈል ነው የሚሆነው። ክብደቱም ወደ ግማሽ ኪሎ ይጠጋል።

ስለዚህ ምክሬ 90 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ነው። ሁለት ዓይነት ታገኛለሽ። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተሠራው ኤልማሪት-ኤም 400 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ የፀሐይ መከላከያው ከራሱ ጋር የተሠራ ጠንካራ ሌንስ ነው። በጣሪያችሁ ውስጥ ከገባ እሱን ያዢ። ከእሱ በፊት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የተሠራው ቀጭኑ ቴሌ-ኤልማሪት ደግሞ 225 ግራም ብቻ ነው፤ ከካሜራው ጋር ሆኖ በትንሽ ቦርሳ ይገባል፤ ዋጋውም ይቀላል። ግን የታወቀ በሽታ አለበት፤ የኋለኛው መስታወት ውስጥ ጉም የመሰለ ነገር ይጋግራል፤ አንዳንዱ በጽዳትም አይለቅም። ሳትገዢ በፊት አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) እስከ መጨረሻው ክፈቺ፣ የስልክሽን መብራት በአንድ ወገን አብሪና በሌላው ወገን ሰያፍ አድርገሽ ተመልከቺ። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም። መብራቱ ዙሪያ ወተት የመሰለ መጋረጃ ካየሽ ግን ተዪው፤ ዋጋው ምንም ቢያጓጓ። ገንዘቡ ከዚህም ካጠረ የድሮው ኤልማር 90 ኤፍ 4 አለ፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣ ዘር ነው። ብርሃን ካለ ፊትን በሚገባ ያነሳል፤ ቤት ውስጥ ግን ይጨንቅሻል።

ብርሃኑን እንየው። በቀን፣ መስኮት ወይም የተከፈተ በር አጠገብ፣ በ400 ፊልም (ቁጥሩ ፊልሙ ለብርሃን ያለውን ስሜት ያሳያል) ኤፍ 2.8 እና በሰከንድ 1/60ኛ አካባቢ ታገኛለሽ ብዬ እገምታለሁ። ለ90 ሚሊ ሜትር 1/125ኛ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሌይካሽ የሚፈናጠር መስታወት ስለሌለው፣ ክርንሽን ጉልበትሽ ላይ ካስደገፍሽ 1/60ኛም ይሠራል። ካልበቃሽ ኤችፒ5 ወይም ትራይ-ኤክስ የመሰለ ጥቁርና ነጭ ፊልም 800 ላይ አድርገሽ አንሺና ፊልሙን ለሚያጥብልሽ ቤት በግልጽ ንገሪ። ጥቅልሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው በ800 ማንሳት አለብሽ፤ መሃል ላይ መለወጥ አይቻልም።

የኤም 6 ብርሃን መለኪያ የሚያነበው ከሌንሱ ኋላ ፊልሙን በሚሸፍነው መጋረጃ ላይ የተቀባችውን ክብ ነጭ ነጥብ ነው፤ ስፋቷ 12 ሚሊ ሜትር ነው። በ90ው በ1.5 ሜትር ርቀት ይህቺ ክብ 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሸፍናለች፤ ልክ የአንድ ፊት መጠን። በ50ው በዚያው ርቀት 35 ሴንቲ ሜትር ስለምትሸፍን ነጩ ነጠላ ይገባበታል፤ መለኪያው ይታለልና ፊቷ ይጠቁራል። የቤተ ክርስቲያናችሁን እናቶች በ50ው ስታነሺ ነጠላው ፍንትው ብሎ ፊታቸው የጨለመባቸው ፎቶዎች የሉሽም? ካሉሽ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። በ90ው ክቧን ፊቷ ላይ ብቻ አሳርፊና ለኪ፤ ከዚያ ፍሬሙን አስተካክዪ። ኔጋቲቭ ፊልም ትንሽ ብርሃን ቢበዛበት ይችላል፤ ቢያንስበት ግን የጥቁር ፊትን ዝርዝር ይበላል። ስትጠራጠሪ ወደ መጨመሩ አዘንብዪ።

ፎከሱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሬንጅፋይንደር ሁለቱን ምስሎች የሚያንሸራትተው ወደ ጎን ስለሆነ ካሜራውን አግድም ስትይዢ ለመግጠም ቆሞ የሚታይ መስመር ያስፈልግሻል፤ የነጠላ ጠርዝ፣ የመነጽር ጎን። ፊት ለማንሳት ካሜራውን ስታቆሚው ግን ምስሎቹ ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ያኔ የሚያገለግልሽ የዓይኗ ቆብ መስመር ነው። እሱን ካገኘሽ በኋላ ቀለበቱን እያዞርሽ አትባክኚ፤ ራስሽን በጣም በትንሹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያልሽ ምስሎቹ ሲገጥሙ ተጫኚ። የ90ው ፍሬም ትንሽ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ይጨንቅሽ ይሆናል፤ እዚያው ፍራንክፈርት ካሉት አረጋውያን ጋር ብትለማመጂበት በጥር እጅሽ ይፈታል።

መግዣውን በተመለከተ ከግለሰብ ይልቅ ዋስትና ከሚሰጥ ሱቅ ግዢ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከነጋዴ በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ እነዚያን ቀናት ተጠቀሚባቸው። ሌንሱ በደረሰሽ ቀን አንድ ጥቅል ፊልም ለሙከራ ሠዊ። ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርጊ፣ አንድ መስመር በእስክሪብቶ አስምሪበት፣ ከ1 ሜትርና ከ1.5 ሜትር ሰያፍ ሆነሽ መስመሩ ላይ ፎከስ አድርገሽ በኤፍ 2.8 አንሺ። ታጥቦ ሲመጣ ጥርት ያለው ያሰመርሽው መስመር መሆን አለበት። ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለው ጽሑፍ ጥርት ካለ ወይ ሌንሱ ወይ የካሜራሽ ሬንጅፋይንደር መስተካከል አለበት። ለመለየት ሩቅ ያለ ሕንጻ ወይም ጨረቃን ተመልከቺ፤ ቀለበቱ መጨረሻው ላይ ሲቆም ሁለቱ ምስሎች በ50ውም በ90ውም ካልገጠሙ ችግሩ የካሜራው ነው። ብዙ ዓመት ያገለገለ ካሜራ ስለሆነ ይህ ቢያጋጥምሽ አትደንግጪ፤ የሚስተካከል ነገር ነው። የሌይካ ከተማ ቬትስላርም ካንቺ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ናት። ጥገና ግን ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ሙከራውን ለታኅሣሥ አታቆዪው።

አሁን ደሴ ገብተሻል እንበል። እስቲ መጀመሪያ እሷን ጠይቂያት፤ እንዴት መነሳት ነው የምትፈልገው? ብዙዎቹ እናቶቻችን ፎቶ ሲባል የሚታያቸው የክት ልብስ፣ የተስተካከለ ፀጉር፣ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ነው። በማግስቱ ያንን አንሺላት፤ በ50ው፣ በር ላይ፣ እጆቿ ጭኗ ላይ እንዳሉ፣ እሷ እንደፈለገችው። ያ ፎቶ የእሷ ነው። እሱ ከተነሳ ያ የሚያስጨንቅሽ ስጋት ይቀልላል፤ እሷም ካሜራውን ትለምደዋለች። በቀሩት ቀናት ከአክስትሽ ጋር ስታወጋ በ90ው አንሺያት። ካሜራው የማን እንደነበረም ንገሪያት። በእጇ ልትይዘው ልትፈልግ ትችላለች፤ ልታለቅስም ትችላለች፤ ያን ጊዜ ፎቶ አታንሺ፣ አብረሻት ሁኚ።

ፊልሞቹን በሚጫን ሻንጣ አታድርጊ፤ የዚያ ፍተሻ ፊልም ያበላሻል። በእጅሽ ያዢና፣ በተለይ ሲቲ ስካነር በገባባቸው አየር ማረፊያዎች፣ በእጅ እንዲፈተሹልሽ በትሕትና ጠይቂ። ለማጠብም ወደ ፍራንክፈርት፣ ወደ ለመድሽው ቤት መልሰሻቸው ነው የሚሻለው። ሲወጡ ለአያትሽ በስልክ ብቻ አትላኪላት። በወረቀት አሳትመሽ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ስጪ፤ ዓይኗ እንዲለየው መጠኑ ከ20 በ30 ሴንቲ ሜትር አይነስ።